የዓይን ሞራ ሲነሳ አብሮ የማይነሳው ሕመም

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የአንድ አዛውንት ዓይን ሲደክም ቤተሰብ ቶሎ የሚለው ነገር አለ፦ «ሞራ ነው፤ ሲበስል ይነሳል።» አነጋገሩ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሀገራችን ሕዝብ 1.6 በመቶ ያህሉ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያበቃው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚነሳና ከተነሳም በኋላ ብርሃን የሚመለስለት ሕመም በመሆኑ ቤተሰብ ተስፋ ማድረጉ ተገቢ ነው። አደጋው ያለው ሞራው ከተነሳ ሁሉም ነገር አበቃ ብሎ ማመኑ ላይ ነው። ለሞራ ቀዶ ሕክምና ከሚቀርቡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከሞራው ጎን ሌላ ሕመም ይዘው ይመጣሉ። ሐኪሞች ሱዶኤክስፎሊዬሽን ይሉታል። አያምም፣ ዓይን አያቀላም፣ አያሳክክም፤ ሰውየው ራሱ ሊያውቀው አይችልም። ቀዶ ሕክምናውን ያከብዳል፤ ከዚያም በኋላ ዓይን ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ይህ ሕመም ከቀዶ ሕክምናው በፊት በእያንዳንዱ ሰው ዓይን ላይ ሊፈለግ፣ ከተገኘ በካርዱ ላይ ሊጻፍ፣ ለባለቤቱም በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ይህን ማድረግ የሚያስወጣው ዋጋ ትንሽ ነው፤ አለማድረግ የሚያስከፍለው ግን የማይመለስ ብርሃን ነው።

ሕመሙን በመጀመሪያ የገለጸው ጆን ሊንድበርግ የተባለ የፊንላንድ ሐኪም ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር። ዛሬ ብዙ የሚታወቅ ነገር አለ። ዓይን ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ከመጠን ያለፈ፣ በቀላሉ የማይሟሟ፣ አመድማ ነጭ ብናኝ ያመርታሉ። ብናኙ በሌንሱ ፊት፣ በብሌን ጠርዝ፣ ሌንሱን በያዙት ክሮችና የዓይን ፈሳሽ በሚወጣበት ማጣሪያ ላይ ይከማቻል። በቆዳ፣ በልብ፣ በሳንባና በጉበትም ተገኝቷል፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚያዩት እንደ አጠቃላይ የሰውነት ሕመም ነው፤ ጉዳቱ በግልጽ የሚታየው ግን ዓይን ላይ ነው። ከ50 ዓመት በታች ባሉ ሰዎች ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እየበዛ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታየው በአንድ ዓይን ነው፤ ሌላኛው ዓይን ደህና መስሎ ከቆየ በኋላ በዓመታት ውስጥ ሊከተል ይችላል። በዓለም ዙሪያ ከ60 እስከ 70 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል። የዓይን ነርቭን ከሚጎዳው ግላኮማ ውስጥ፣ መነሻው ከሚታወቅ ዓይነት በዓለም ላይ የቀዳሚነቱን ስፍራ የያዘው ይኸው ነው።

ሐኪም ይህን ሕመም እንዴት እንደሚያየው ማወቅ ክርክሩን ለመረዳት ይጠቅማል። ታካሚው አገጩንና ግንባሩን ስሊት ላምፕ በሚባለው መሣሪያ ላይ አሳርፎ ይቀመጣል፤ ሐኪሙም ቀጭን የብርሃን ሰንጥቅ ዓይኑ ላይ ጥሎ በአጉሊ መነጽር ይመለከታል። ብሌኑ ጠባብ ሆኖ ሳለ የሚታየው ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለ ጥቂት ነጭ ብናኝ ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ምንም አይታይም። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎ 20 ወይም 30 ደቂቃ ከተቆየ በኋላ ግን ምስሉ ይለወጣል። በሌንሱ ፊት መሃል ላይ ስስ ነጭ ክብ ይታያል፤ ክቡን ምንም ያልተከማቸበት ጥርት ያለ ቀለበት ይከበዋል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጠርዙ የተጠቀለለ፣ ሸካራ፣ ወፍራም ነጭ ሽፋን አለ። መሃል ያለው ቀለበት የጠራው ባለቀለሙ የዓይን ክፍል በጠበበና በሰፋ ቁጥር ብናኙን ስለሚጠርገው ነው። የተጠረገው ብናኝ ደግሞ ከዓይን አይወጣም፤ ከተፋቀው ቀለም ጋር በፈሳሹ ተወስዶ ማጣሪያውን ይዘጋል። ስለዚህ ጠብታ ሳይደረግ የተመረመረ ዓይን «የለበትም» ሊባል አይችልም። የሕመሙ ዋና ምልክት ያለው በጠባብ ብሌን ከማይታየው የሌንሱ ዳርቻ ላይ ነው።

ቀዶ ሐኪም ይህን አስቀድሞ ማወቁ ለምን እንደሚያስፈልገው ሌንሱ ዓይን ውስጥ እንዴት እንደተያዘ ሲታይ ይገባል። ሌንሱ በቦታው የቆመው ዙሪያውን በያዙት እጅግ ቀጫጭን ክሮች ነው፤ የከበሮን ቆዳ ዙሪያውን ወጥሮ እንደሚይዝ ጠፍር። በዘመናዊ ቀዶ ሕክምና የሌንሱን ከረጢት ፊት በክብ ከፍቶ፣ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ፣ ሰው ሠራሹን ሌንስ እዚያው ከረጢት ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ሥራው ሁሉ የሚያርፈው በእነዚያ ክሮች ላይ ነው። ሱዶኤክስፎሊዬሽን ክሮቹን ከሥራቸው ያላላል። ሰውየው ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ ሌንሱ ሲንቀጠቀጥ የሚታይበት ጊዜ አለ። በዚያ ላይ ብሌኑ በጠብታ እንደሚገባው አይሰፋም፤ ሐኪሙም በጠባብ በር በኩል የላላ ነገር ለመሥራት ይገደዳል። ክሮቹ በአንድ ወገን ቢበጠሱ ወይም ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ሺኛ የሚለካው የከረጢቱ ጀርባ ቢቀደድ፣ ከኋላ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ወደ ፊት ይወጣል። የሌንሱ ቁራጭም ወደ ዓይን ጥልቀት ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ በደቂቃዎች ያልቅ የነበረው ሥራ ረጅምና አስጊ ይሆናል፤ ታካሚውም ሬቲና የሚሠራ ሐኪም ሊያስፈልገው ይችላል።

አስቀድሞ ያወቀ ሐኪም ግን ተዘጋጅቶ ይገባል። ብሌን የሚያሰፋ መድኃኒት ዓይን ውስጥ ይሰጣል፤ ካልበቃውም በትንንሽ መንጠቆዎች ብሌኑን ይይዛል። የከረጢቱን መክፈቻ ሰፋ ያደርጋል፤ ሌንሱን ሲያዞር ክሮቹን አይጎትትም። ክሮቹ ደካማ ከሆኑ የከረጢቱን ዙሪያ የሚደግፍ ቀለበት ያስገባል፤ ይህ ቀለበት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። እነዚህ ሁሉ ከሌሉት ደግሞ ታካሚውን ዕቃውና ልምዱ ወዳለበት ሆስፒታል መላክ ይችላል፤ ጀማሪ ሐኪም ከሆነም ሥራውን ለአንጋፋው ይለቃል። ይህን ሁሉ የሚወስነው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የታየው ነገር ነው። በጥንቃቄ ሲሠራ አብዛኛው እንዲህ ያለ ዓይን ጥሩ ውጤት ያገኛል። «ሲበስል ይነሳል» የሚለው ምክር ጉዳት የሚያመጣውም እዚህ ላይ ነው። ሞራው በቆየ ቁጥር ሌንሱ እየጠነከረና እየከበደ፣ ክሮቹም እየደከሙ ይሄዳሉ፤ የጠነከረውን ሌንስ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይልም የሚያርፈው በደከሙት ክሮች ላይ ነው። ስለዚህ ሱዶኤክስፎሊዬሽን ያለበት ሰው ሞራው እስኪነጣ ወይም እስኪጠቁር መጠበቅ አይገባውም። ማየቱ ሥራውን ወይም ኑሮውን ማወክ ሲጀምር ነው መሠራት ያለበት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ታሪክ ደግሞ የበለጠ ይዘነጋል። ብናኙን የሚያመርቱት ሕዋሳት ሌንሱ ሲወጣ አብረው አያልቁም፤ የተዘጋው ማጣሪያም እንደተዘጋ ይቆያል። ቀዶ ሕክምናው በብዙዎች ላይ የዓይን ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ታይቷል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ግፊቱ በድንገት ሊወጣ ይችላል፤ ከዓመታት በኋላም ግላኮማ ሊከተል ይችላል። ይህ ግላኮማ ከተለመደው ዓይነት ይከፋል። ግፊቱ ከፍ ይላል፣ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይዋዥቃል፣ የዓይን ነርቭንም ቶሎ ይጎዳል። ጤናማ የሚባለው የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን፣ በዚህ ሕመም ከ30 በላይ መውጣቱ እንግዳ አይደለም። ነርቩ ሲሞት መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር ዕይታ ስለሆነ ሰውየው ፊት ለፊቱ ያለውን እያየ ደህና ነኝ ይላል። መሃሉ ሲነካ ሲነቃ ግን የጠፋውን የሚመልስ ሕክምና የለም። ሰው ሠራሹ ሌንስ ራሱ ክሮቹ ሲበጠሱ ከነከረጢቱ ከቦታው ሊወርድ ይችላል፤ ይህም በአማካይ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ስምንት ዓመት ገደማ ቆይቶ የሚደርስ ነው። ሞራ ተነሥቶላቸው ዓመታት በደህና ያዩ ሰው እንደገና ዓይናቸው ሲደክም «ሞራው ተመልሶ መጣ» ወይም «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፈው አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የተለየ ክብደት የሚኖረው ስፋቱ ሲታይ ነው። ኢትዮጵያውያን የዓይን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 «አክታ ኦፍታልሞሎጂካ ስካንዲናቪካ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ለሞራ ቀዶ ሕክምና ከተቀጠሩት ታካሚዎች 39 በመቶ ያህሉ ሱዶኤክስፎሊዬሽን ተገኝቶባቸዋል። ሕመሙ በብዛት ይታወቅ የነበረው በሰሜን አውሮፓ ነው፤ የእኛ ቁጥር ግን ከዚያ ጎን የሚሰለፍ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩን በልኩ መያዝ ያስፈልጋል። ጥናቱ የተመለከተው ሞራ ኖሯቸው ሊሠሩ የመጡ ሰዎችን ነው፤ ስለዚህ ከሀገሪቱ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሁሉ ከአሥሩ አራቱ ታመዋል ማለት አይደለም። ሱዶኤክስፎሊዬሽን ከሞራ ጋር አብሮ የመገኘት ዝንባሌ ስላለው እንዲህ ባለ ወረፋ ላይ ቁጥሩ መብዛቱ የሚጠበቅ ነው። ለእኛ ክርክር ግን የሚያስፈልገው ይኸው ወረፋ ነው። ጥያቄው ቀዶ ሐኪሙ ፊት በሚቀመጠው ሰው ዓይን ላይ ሕመሙ የመኖር ዕድሉ ስንት ነው የሚል ሲሆን፣ መልሱም ለመገመት ወይም ለማለፍ የማይፈቅድ ከፍተኛ ቁጥር ነው።

«ይህማ እርጅና ነው፤ ለምን ሕመም ይባላል?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እርጅና ብቻ ቢሆን ኖሮ በየሀገሩ ባሉ እኩዮች ላይ በተቀራራቢ መጠን በታየ ነበር። የታየው ግን ሌላ ነው። ፊንላንዳዊው ሐኪም ሄንሪክ ፎርሲየስ ባደረጋቸው ጥናቶች ከሳሚ ሕዝብ አረጋውያን አምስተኛ ያህሉ ሕመሙ ሲገኝባቸው፣ በዋልታው አካባቢ በሚኖሩት ኢኑዊቶች ላይ ግን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአይስላንድና በስዊድን የተሠራ ምርምር ሕመሙ ሎክስል 1 ከተባለ ዘረ መል ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ይህ ዘረ መል የሰውነት ተለጣጭ ክሮች እንዲያያዙ የሚያደርግ ንጥረ ነገር የሚሠራ ነው፤ የሌንሱ ክሮች ለምን እንደሚላሉም ፍንጭ ሰጥቷል። ነገር ግን ዘረ መሉ ብቻውን አይፈርድም። የተጋለጠውን ዓይነት ተሸክመው ጤነኛ ሆነው የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ በጃፓናውያንና በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ላይ ደግሞ አደጋ ያመጣል የተባለው የዘረ መል መልክ ተገላብጦ ተገኝቷል። ስለዚህ በደም ምርመራ ሕመሙን መተንበይ አይቻልም፤ ዓይንን ገልጦ ማየት ግድ ነው። ከቤት ውጭ ረጅም ሰዓት የሠሩ ሰዎች፣ በተለይም ብርሃን የሚያንጸባርቅ ውሃ ወይም በረዶ አጠገብ የዋሉ፣ ለሕመሙ ይበልጥ መጋለጣቸውን ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ፀሐይዋ ብቻዋን ታመጣዋለች ለማለት ይህ አይበቃም። ሆኖም በየ1,000 ሜትር ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲያርስና ከብት ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር ተገቢ ጥንቃቄ ነው።

ከሁሉም የሚበረታው ተቃውሞ ከሥራ ጫና የሚመጣው ነው። በነጻ የሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው ይሠራል፤ ከየገጠሩ ተመርቶ የመጣ ሰው ግቢ ውስጥ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ የዓይን ሐኪሙም ጥቂት ነው። በዚህ መሃል እያንዳንዱን ሰው ጠብታ አድርጎ ማስቆየት፣ ግፊት መለካትና ካርድ ላይ መጻፍ ሌላ ሰው ዕድል እንዲያጣ ያደርጋል ይባላል። ይህን ጭንቀት አቃሎ ማየት አይገባም፤ ሞራ ያሳወረውን ሰው መልሶ ማየት ማስቻል ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለቀዶ ሕክምናው ራሱ የሚደረግ ነው። የሚጨመረው ነገር ጠብታው ከሠራ በኋላ ሐኪሙ የሌንሱን ዳርቻ ለአፍታ ማየቱ ነው። ግፊት መለካት የሰለጠነ ነርስ በአንድና በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰው ሥራ ነው። በአንጻሩ ያልተጠበቀ የክር መበጠስ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ወረፋውንም ከማንኛውም ምርመራ በላይ ያዘገያል። ሞራው ፍጹም ነጥቶ ወይም ኮርኒያው ጠባሳ ኖሮበት ማየት ቢያስቸግር እንኳ፣ ሌላኛው ዓይን ላይ የታየ ምልክት ለዚህኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ፍጥነትን የሚፈልግ ዘመቻ ራሱ ምርመራውን ሊፈልገው ይገባል።

ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከርኅራኄ ነው። «መድኃኒት የሌለውን ሕመም ስም ነግሮ ሽማግሌን ማስፈራራት ምን ይጠቅማል? ፈርተው ከቀዶ ሕክምናው ቢቀሩስ?» ይባላል። እውነት ነው፤ ብናኙን ከዓይን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። የሚያስከትለው ግላኮማ ግን ሕክምና አለው። እንደ ቲሞሎል ያሉ ጠብታዎች ግፊትን ያወርዳሉ፤ ሐኪሙ ግን ቲሞሎልን ከማዘዙ በፊት ታካሚው አስም እንደሌለበት መጠየቅ አለበት። ማጣሪያውን የሚከፍተው የሌዘር ሕክምና በዚህ ሕመም ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ይሠራል። እነዚህ ካልበቁ የግላኮማ ቀዶ ሕክምና አለ። ሁሉም የሚጠቅሙት ነርቩ ሳይሞት ነው፤ ስለዚህ አለመንገር ከፍርሃት አያድንም፣ ጊዜን ብቻ ይበላል። የሚያስፈራው ደግሞ አነጋገሩ ነው። «ዓይንዎ ውስጥ ከሞራው ሌላ ብናኝ አለ። እሱን አውቀን ተጠንቅቀን እንሠራዎታለን። ከተሠሩ በኋላ ግን የዓይን ግፊትዎ በየጊዜው መለካት አለበት፤ ሌላኛው ዓይንዎም እንዲሁ» ተብሎ የተነገራቸው ሰው የሚይዙት ፍርሃት ሳይሆን ቀጠሮ ነው። አብረዋቸው ለመጡት ልጅ ወይም የልጅ ልጅም መነገር አለበት፤ ቀጠሮውን የሚያስታውሰውና ጠብታውን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና።

በሩቅ ወረዳ ለሚኖር ሰው በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ እየተመላለሰ ግፊቱን እንዲለካ መንገር ከባድ መሆኑ አይካድም። የአዲስ አበባን ዙሪያ የያዙት ከተሞች ግን ይህን ምክንያት ሊያቀርቡ አይችሉም። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ላይ ያሉ ናቸው። የሀገሪቱ የዓይን ሐኪሞች ለረጅም ዘመን የሰለጠኑበት የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል በታክሲና በአውቶቡስ በቀን ደርሰው የሚመለሱበት ነው። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ስለተጠቃለሉ፣ በዘመቻም ሆነ በሆስፒታል ሞራ የተነሣላቸውን ነዋሪዎች በአንድ መዝገብ መከታተል ለአንድ ጤና ቢሮ የሚከብድ ሥራ አይደለም። በየጤና ጣቢያው አንድ የግፊት መለኪያና አንድ የሰለጠነ ባለሙያ ቢኖር፣ ወደ አዲስ አበባ መሄድ የሚያስፈልገው ግፊቱ የወጣበት ሰው ብቻ ይሆናል። ሰበታ ማየት ያልቻሉ ልጆችን ለትምህርት ባበቃው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ የምትታወቅ ከተማ ናት። በሰባ ዓመታቸው በግላኮማ የሚታወሩ አዛውንት ግን ብሬል ተምረው ኑሮን እንደገና የሚጀምሩበት ዕድሜ ላይ አይደሉም። ለእነርሱ የሚሻለው እርዳታ ከመታወራቸው በፊት የሚደርሰው ነው።

በብሔራዊው ጥናት ከዓይነ ስውርነት መነሻዎች መካከል የግላኮማ ድርሻ 5.2 በመቶ ነበር። ከሞራው አንጻር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሞራ የሚታወረው ሰው በቀዶ ሕክምና ከቁጥሩ ይወጣል፤ በግላኮማ የታወረው ግን ከቁጥሩ አይወጣም። የሞራ ቀዶ ሕክምና በተስፋፋ ቁጥር፣ ሰውም ዕድሜው በረዘመ ቁጥር የማይመለሰው ዓይነ ስውርነት ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል። ይህን ከወዲሁ መቀነስ የሚቻለው የሞራ ወረፋን የግላኮማ መመርመሪያም በማድረግ ነው፤ ሰውየው በራሱ እግር መጥቶ፣ ጠብታ ተደርጎለት፣ መሣሪያው ፊት የሚቀመጥበት ቀን ያ ነውና። የዘመቻ አዘጋጆችና የጤና ቢሮዎች በካርዱ ላይ ሦስት ነገሮች እንዲሞሉ ማዘዝ ይችላሉ፦ ሱዶኤክስፎሊዬሽን አለ ወይስ የለም፣ የሁለቱም ዓይኖች ግፊት ስንት ነው፣ የሚቀጥለው የግፊት ልኬት መቼ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ሐኪሙን በቀጥታ መጠየቅ ይችላል፦ «ከሞራው ሌላ ዓይናቸው ውስጥ ያዩት ነገር አለ? ግፊታቸው ተለካ? መቼ እንመልሳቸው?» ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም፤ መልሳቸውን የያዘ ቤተሰብም የአባቱን ወይም የእናቱን ዓይን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ዋና ነገር ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።